ቴሌግራም ይሠራል፣ ድረ ገጽ አይከፍትም፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ?

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም ለቤቱ። ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ፣ የቤት መደበኛ ኢንተርኔት፣ ከራውተር በዋይፋይ። መብራት በድንገት ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ኮምፒውተሩ አንድም ድረ ገጽ አይከፍትም። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ተገናኝቷል ይላል። ግራ የሚያጋባው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቴሌግራም መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፣ ፎቶም ያወርዳል። በዚያው ራውተር የሚጠቀሙ ስልኮች ሁሉንም ይከፍታሉ። ራውተሩ ጠፍቶ በርቷል፣ ክሮምም በፍላሽ መጥቶ እንደገና ተጭኗል። ለውጥ የለም። አንድ ጥገና ቤት ሳይከፍተው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለ። የልጆች ፎቶና የሥራ ሰነድ አለበት። እውን ፎርማት ያስፈልገዋል?

ከአወያዩ

ክሩ ረዝሟል፣ መሐሉም ወደ ባትሪ ወሬ ሄዷል። ተመሳሳይ ችግር ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲመች ምላሾቹን በቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። የት ጠቃሚ፣ የት ከንቱ እንደሆነም አልፎ አልፎ ጣልቃ እየገባሁ ተናግሬአለሁ።

ምላሽ 1

ትሑት አነጋገር፣ ግን አንድ ነጥብ ላይ ፈርጠም ያለ፦ ፎርማት አይታሰብ። ማስረጃው ጥያቄው ውስጥ አለ። ቴሌግራም መልእክት ካደረሰ መስመሩ ደህና ነው፣ ራውተሩ ያስተላልፋል፣ የዋይፋይ ካርዱና ድራይቨሩም ጤነኞች ናቸው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን የቁጥር አድራሻ ከነፕሮግራሙ ይዞ ስለሚመጣ ማንንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ይሄዳል። ብሮውዘር ግን በእጁ ያለው የድረ ገጹ ስም ብቻ ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥለት ዲኤንኤስ ካልመለሰለት መንገድ አይጀምርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲኤንኤስ ነው። መላሹ በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የስህተት ጽሑፍ ራሱ ይጻፍልኝ ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ መጀመሪያ መምጣት አለበት፤ አድራሻው አልተገኘም የሚል ገጽና ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ገጽ የሚያመለክቱት ፈጽሞ የተለያየ ብልሽት ነው።

ምላሽ 2

የዋይፋይ ካርዱ በመብራቱ ተቃጥሏል፣ በዩኤስቢ የሚሰካ አዲስ ይገዛ የሚል ባለ አንድ መስመር ምክር።

ምላሽ 3

ካርዱ ከተቃጠለ ቴሌግራም በጸሎት ነው ወይ የሚሠራው ብሎ 2ኛውን በላው። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ቀጥሎ የጻፈው የዚህ ክር አከርካሪ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ አቀርበዋለሁ።

የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ፊደልን አንድ ላይ ተጭኖ ሲኤምዲ ብሎ መጻፍ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት መጀመሪያ አይፒኮንፊግ /ኦል። እዚያ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የኮምፒውተሩ አድራሻ፣ የጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር፣ ማለትም የራውተሩ) አድራሻና የዲኤንኤስ ሰርቨሩ። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ሲያጣ ራሱ ያወጣው ቁጥር ነው፤ እዚያ ላይ ከተቆመ ስለ ዲኤንኤስ ማውራት ጊዜ ማባከን ይሆናል። በ192.168 ከጀመረ ይቀጥላል።

ቀጥሎ ፒንግ፣ ማለትም አጭር መልእክት ልኮ መልስ መምጣቱን ማየት፣ በሦስት ደረጃ። አንደኛ ጌትዌዩን፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መልስ ከሌለ ችግሩ ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ባለው ነው፤ ዋይፋይ፣ ገመድ ወይም ካርድ። ሁለተኛ 8.8.8.8ን፣ የጎግልን ክፍት ዲኤንኤስ። ጌትዌዩ መልሶ ይህ ካልመለሰ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው፤ መስመር፣ የአገልግሎቱ የይለፍ ቃል ወይም ያለቀ ጥቅል። ሦስተኛ አንድ ድረ ገጽ በስሙ። ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልተገኘ ዲኤንኤስ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። ሦስቱም ከመለሱና ብሮውዘሩ ብቻ ካልከፈተ ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ ፕሮክሲ (ብሮውዘሩ ወደ ውጭ ሲሄድ የሚያልፍበት አማላጅ)፣ አንቲቫይረስና የኮምፒውተሩ ሰዓት ናቸው።

ማስጠንቀቂያም አክሏል። ፒንግን የሚዘጉ ኔትወርኮች ስላሉ መልስ ማጣት ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ መልስ ማግኘት ግን ሁልጊዜ ማስረጃ ነው። ሌላው፣ ከምርመራው በፊት ሁሉንም ነገር ሪሴት ማድረግ ምልክቱን ስለሚያጠፋ በኋላ ምን እንደነበረ ማወቅ አይቻልም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የዊንዶውስን የኔትወርክ ቅንብር ወደ መነሻው የሚመልሰው ዊንሶክ ሪሴት የሚባለው ትእዛዝ በየቦታው እንደ ጸበል ይረጫል፤ ሠርቶ እንኳ ቢገኝ ምን እንዳዳነ የሚያውቅ የለም።

ምላሽ 4

በፖሊ በኩል ኮምፒውተር ላብራቶሪ የምትሠራ ተሳታፊ ፕሮክሲው እንዲታይ አሳሰበች። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ፕሮክሲ። በእጅ የሚሞላው ክፍል በርቶ አድራሻው 127.0.0.1፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ፣ ከሆነ አንድ ፕሮግራም አስገብቶት ሳያነሳው ሞቷል ማለት ነው፣ ይጥፋ። ፒንግ ፕሮክሲን አያውቅም፤ ብሮውዘሩ ግን ያለ እሱ አይሄድም፤ ስለዚህ ፒንግ ሁሉ ተሳክቶ ገጽ የማይከፍት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ፕሮክሲ ይዞ ነው የሚገኘው። ጥንቃቄዋም ጥሩ ነው፦ ዴስክቶፕ ቴሌግራም ካልተለወጠ በቀር የሲስተሙን ፕሮክሲ ስለሚከተል፣ ጥፋቱ የፕሮክሲ ቢሆን ኖሮ ቴሌግራሙም መቸገሩ አይቀርም ነበር። በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ማየቱ ግን ደቂቃ አይፈጅም አለች።

ምላሽ 5

ጠያቂው ውጤቱን ይዞ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ አለው፣ ጌትዌዩ ይመልሳል፣ 8.8.8.8 ይመልሳል፣ ስም ግን አይገኝም። ፕሮክሲው ጠፍቷል። ክሮም የሚያወጣው የገጹ የሰርቨር አድራሻ አልተገኘም የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ እግረ መንገዱን የጻፈው ግን ዋናውን ነገር አወጣ፦ በአይፒኮንፊግ ዝርዝር የዲኤንኤስ ሰርቨር ከሚለው ፊት ለፊት ያለው 127.0.0.1 ነው።

ምላሽ 6

3ኛው መላሽ እንደገና። 127.0.0.1 ኮምፒውተሩ ራሱ ማለት ነው፤ ስም ወደ ቁጥር እንዲለወጥለት ራሱን እየጠየቀ ነው፣ ራሱ ደግሞ መልስ የለውም። ይህን የሚያደርጉት አንዳንድ የቪፒኤንና ማስታወቂያ የሚዘጉ ፕሮግራሞች ናቸው። ሲነሱ የካርዱን ዲኤንኤስ ወደ ራሳቸው ያዞራሉ፤ በሥርዓት ሲዘጉ የነበረውን ይመልሳሉ። መብራት ሲሄድ ግን በሥርዓት መዘጋት የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲኤንኤሱ እንደዞረ ይቀራል፣ ፕሮግራሙ ካልተነሳ ደግሞ የስም ጥያቄ በሚመጣበት በር ቁጥር 53 ላይ የሚያዳምጥ አይኖርም።

አስተካካሉ፦ በዚያው በአር መስኮት ኤንሲፒኤ ነጥብ ሲፒኤል ብሎ የካርዶቹን ዝርዝር መክፈት፣ ዋይፋዩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4 ላይ ሁለቴ ጠቅ። ከታች ያለውን የዲኤንኤስ ክፍል አድራሻውን በራስህ አግኝ ወደሚለው መመለስ። ቨርዥን 6ም እንዲሁ ይታይ፤ ብዙ ሰው አራትን አስተካክሎ ስድስትን ይረሳና ችግሩ አልተፈታም ብሎ ይመለሳል። በመጨረሻ አይፒኮንፊግ /ፍለሽዲኤንኤስ፤ ኮምፒውተሩ ያስቀመጣቸውን የቆዩ መልሶች ያጸዳል።

ምላሽ 7

ይህ ሁሉ ሐተታ ለምን፣ 8.8.8.8 እና 8.8.4.4 ጽፎ መገላገል ነው አለ አንዱ። ካልተወደደም 1.1.1.1 አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው።

ምላሽ 8

ለረጅም ጊዜ በመስመር ሥራ የኖሩ፣ ቤቱ ጋሼ እያለ የሚጠራቸው ሰው ለ7ኛው መለሱ። ቁጣ አለባቸው። በእጅ የተጻፈ ዲኤንኤስ ቤት ውስጥ ቢሠራም ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ጋ ሲደርስ ይበቀላል። የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የመግቢያ ገጽ ያሳያል፤ ያ ገጽ የሚመጣው የሆቴሉ ራውተር የስም ጥያቄውን ጠልፎ ወደ ራሱ ሲመልስ ነው። ኮምፒውተሩ የራውተሩን ዲኤንኤስ ትቶ ውጭ ያለውን ከጠየቀና ኔትወርኩ ከመግባት በፊት ውጭውን ከዘጋ፣ የመግቢያው ገጽ አይመጣም። ሰውየውም ዋይፋዩ አይሠራም ብሎ ከእንግዳ መቀበያው ጋር ይጣላል። የቢሮ ኔትወርክ ላይም የውስጥ ፕሪንተርና የውስጥ ሰርቨር በስማቸው አይገኙም። የሳቸው ፍርድ፦ መነሻው ሁልጊዜ በራስህ አግኝ ይሁን፣ በእጅ መጻፍ ደግሞ ራውተሩ የሚሰጠው ዲኤንኤስ መጥፎ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ።

ምላሽ 9

የላብራቶሪዋ ባለሙያ በሁለቱ መካከል ገባች። ምንም ሳይለወጥ መፈተን ይቻላል፦ ኤንኤስሉካፕ ብሎ የድረ ገጹን ስም መጻፍ፣ ውጤቱን ማየት፤ ከዚያ ያንኑ ስም ጽፎ መጨረሻው ላይ 8.8.8.8 መጨመር። መጀመሪያው ወድቆ ሁለተኛው ከመለሰ በሽታው የተመደበው ዲኤንኤስ ላይ ነው። ሁለቱም ከወደቁ መንገድ ላይ የሚዘጋ አለ።

አያይዛም ብዙ ሰው የሚጠይቀውን አነሳች፦ አንዱ ብሮውዘር ሲከፍት ሌላው ለምን አይከፍትም? ክሮምም ፋየርፎክስም የተመሰጠረ ዲኤንኤስ የሚባል ምርጫ አላቸው። አንዱ ላይ ከበራ የዊንዶውስን ዲኤንኤስ ትቶ በራሱ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ልዩነት ሲታይ ጥሩውን ብሮውዘር አመስግኖ ማለፍ ሳይሆን የዊንዶውሱ ዲኤንኤስ መታመሙን መጠርጠር ነው።

ምላሽ 10

ከዓባይ ማዶ የመጣ ሌላ ሰው የራሱን ችግር ይዞ ገባ። ጎግልና ዩቲዩብ ይከፍቱለታል፣ ሌሎች ብዙ ገጾች ግን ይሽከረከራሉ እንጂ አይመጡም፤ ስልክም ላፕቶፕም ያው ነው። በ6ኛው የተባለውን ሁሉ አድርጓል። ራውተሩን በቅርቡ ራሱ ገዝቶ ቀይሯል።

ምላሽ 11

የሰው ክር አይጠለፍም፣ የራስህን ክፈት።

ምላሽ 12

ጋሼ ግን አልጨከኑበትም። በእኔ እይታ ከክሩ ሁሉ የተሻለው ምላሽ ይህ ነው፤ ብዙ ጥገና ቤት የማያውቀው ብልሽት ስለሆነ።

መስመሩ በስምና በይለፍ ቃል የሚገባ ፒፒፒኦኢ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ፓኬት (መረጃው ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) ላይ 8 ባይት መጠቅለያ ይጨመራል። የኤተርኔት ፓኬት ጣሪያ 1500 ባይት ነው፤ መጠቅለያው ሲቀነስ ለዕቃው የሚቀረው 1492 ነው። አዲሱ ራውተር ይህን ሳያውቅ 1500 ላይ ከተተወ ትላልቆቹ ፓኬቶች መንገድ ላይ ይወድቃሉ። ላኪው ፓኬትህ በጣም ትልቅ ነው የሚል መልእክት ሊደርሰው ይገባ ነበር፤ ያን መልእክት የሚዘጉ ፋየርዎሎች ስላሉ ግን አይደርሰውም። ትንንሾቹ ያልፋሉ፣ ስለዚህ ፒንግ ይሳካል፣ ስም ይፈታል፣ የገጹ ርዕስ እንኳ ትር ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ዕቃው ሲመጣ ግን ይቆማል። ጎግልና ዩቲዩብ የሚያመልጡት ክዊክ በሚባለው አሠራር ፓኬታቸውን ከመነሻው አነስ አድርገው ስለሚልኩ ነው።

ፈተናው፦ ፒንግ 8.8.8.8 ካሉ በኋላ ሰረዝ ኤፍ፣ ሰረዝ ኤል 1472። ኤፍ አትቁረጠው ማለት ነው፣ ኤል ደግሞ መጠኑ፤ 1472 ላይ የራስጌው 28 ባይት ሲጨመር 1500 ይሆናል። ይህ ካላለፈና 1464 ካለፈ ነገሩ ተገኘ፤ 1464 ሲደመር 28፣ 1492። እሱም ካላለፈ ቁጥሩን እየቀነሱ የሚያልፈውን ትልቁን መፈለግና 28 መደመር። የተገኘው ቁጥር ራውተሩ ውስጥ በዋን (የውጭ መስመር) ክፍል፣ ኤምቲዩ (የፓኬት ጣሪያ) ከሚለው ላይ ይጻፋል። ኤምኤስኤስ (ራስጌው ሲቀነስ የሚቀረው የዕቃ መጠን) የሚል ሳጥን ካለ እዚያ 1452 ይሁን፣ ማለትም ከ1492 ላይ 40 ተቀንሶ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ መቀየርም ይቻላል፣ ግን ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ አይዳረስም፤ ራውተሩ ላይ አንዴ መጨረስ ይሻላል።

ምላሽ 13

ጠያቂው ተመለሰ። ዲኤንኤሱ በራስህ አግኝ ላይ ከተመለሰ በኋላ ስሞች ይገኛሉ፣ ፒንግ በስም ይመልሳል። ገጾቹ ግን አሁንም አይከፍቱም፤ በየአንዳንዱ ላይ ግንኙነትዎ የግል አይደለም የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። አንድ ወዳጁ ከታች ያለውን ለማንኛውም ቀጥል የሚለውን ይጫን ብሎታል፤ ይጫን ወይ?

ምላሽ 14

3ኛው መላሽ በጣም ቆጣ። ለማንኛውም ቀጥል ተብሎ የባንክ ወይም የኢሜይል የይለፍ ቃል አይጻፍም፣ በፍጹም። ማስጠንቀቂያው በአንድ ገጽ ብቻ ቢሆን የገጹ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚታየውም ሰዓቱ ነው። ከጽሑፉ በታች ዴት ኢንቫሊድ የሚል ካለ ክርክር የለም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ይላል ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 15

2018 ይላል። መብራት ከመጣ በኋላ ሰዓቱ ተዛብቶ ስለነበር ቤት ውስጥ በግድግዳው ካላንደር ተስተካክሏል።

ምላሽ 16

እዚህ ላይ ክሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሦስት አራት ሰው ተመሳሳይ ኮምፒውተር እንዳጋጠመው መሰከረ፤ እነሱን አልቆጠርኳቸውም። ቁም ነገር ያለውን የጻፈችው የላብራቶሪዋ ባለሙያ ናት።

ኮምፒውተሩ 2018ን የሚያነበው በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በፈረንጆቹ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል የምስክር ወረቀት አለው። ዕድሜው አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2020 ወዲህ የሚሰጡት ከ398 ቀን እንዲያልፉ ብሮውዘሮቹ አይፈቅዱም፣ ብዙዎቹም 90 ቀን ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ 2018 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር የዛሬው ወረቀት ሁሉ ገና ያልተወለደ ነው፣ ብሮውዘሩም አልቀበልም ይላል። ቴሌግራም ያመለጠው በዚህም በኩል ነው፤ የራሱን ምስጠራ ስለሚጠቀም የድረ ገጽ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም፣ የሰዓት ልዩነትንም ከሰርቨሩ ጋር ያስተካክላል።

ማስተካከያው፦ ሰዓቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ የቀንና ሰዓት ማስተካከያውን መክፈት። የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ የሚለው ይሁን፤ አዲስ አበባ የሚል በዊንዶውስ ዝርዝር ስለሌለ ብዙ ሰው ፈልጎ ያጣዋል፣ ሁለቱም ግን የሚጠቀሙት አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ዓመቱንና ወሩን በእጅ ወደ ትክክለኛው ማምጣት፣ ቀጥሎ ብቻ ከኢንተርኔት አስተካክል የሚለውን መጫን። ቅደም ተከተሉ ለምን? የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት በግል ኮምፒውተር ላይ በነባሪነት ከ15 ሰዓት የበለጠ ልዩነት ሲያይ በራሱ አያርምም። ዓመታት የራቀ ሰዓት አውቶማቲኩ ቢበራም እዚያው ይቆማል።

ምላሽ 17

የኛ ሰዓት ስድስት ሰዓት ስለሚለይ ጠዋት ሦስት ሰዓትን ሦስት ብሎ የሞላ ሰውም አንድም ገጽ አይከፍትለትም የሚል ማሳሰቢያ።

ምላሽ 18

3ኛው አረመው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር የሚያጋጨው ባለፉት ጥቂት ሰዓታት የታደሰ የምስክር ወረቀት ካለው ገጽ ጋር ብቻ ነው፤ የቀሩት ይከፍታሉ። የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ነው። በስልክ የሚመነጩት ባለ ስድስት አኃዝ የመግቢያ ኮዶች በየ30 ሴኮንዱ ስለሚለዋወጡ፣ ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት ከተዛባ አካውንት አያስገቡም። ይህ ግን የስልክ ሰዓት ጉዳይ እንጂ የዴስክቶፑ አይደለም ብሎ ዘጋው።

ምላሽ 19

ሰዓቱ ለምን ተዛባ የሚለውን ማንም አላነሳም ነበርና ጋሼ አነሱት። ዴስክቶፕ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምትይዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት፣ ሲአር2032። ስሟ ልኳን ይናገራል፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። ቮልቴጇ 3 ነው። በሜትር ተለክታ ከ2.7 አካባቢ በታች ከሆነች ትቀየር። ሰዓት ጠጋኞች ጋ ትገኛለች፤ ግን ጠጋኙ ያጣ እንደሆነ የሚሰጣት 2025 ውፍረቷ 2.5 ብቻ ስለሆነ ማቀፊያው ውስጥ ትላወሳለች፣ ንክኪዋም አንዴ አለ አንዴ የለም። አትወሰድ።

ሲቀየር ኮምፒውተሩ ከሶኬት ይነቀል፣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ይፍሰስ፣ የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብቶ የሃርድ ዲስኩን የሳታ (የዲስክ ማገናኛ) አሠራር በስልክ ፎቶ ማንሳት። ባትሪዋ ስትወጣ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ስለሚመለስ አሠራሩ ከተለወጠ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ አይነሳም። እዚህ ላይ ነው ባለቤቱ እንደገና ወደ ጥገና ቤት ሄዶ ፎርማት የሚባለው፤ የነበረው ምርጫ ቢመለስ ኖሮ ይነሳ ነበር።

ምላሽ 20

መብራት ሲሄድ ራውተሩን የሚያቆይ ነገር ምን አለ? ጠያቂው ሌላ ሰው ነው፣ ከድባንቄ።

ምላሽ 21

ከጉዳዩ ቢወጣም ስሌቱ ትክክል ስለሆነ አስቀርቼዋለሁ። አብዛኛው የቤት ራውተር 12 ቮልት ነው፤ አስማሚው ላይ የተጻፈው 1 አምፔር ጣሪያው ነው እንጂ የሚበላው ብዙ ጊዜ ግማሹ ገደማ ነው፣ 6 ዋት። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነች የዩፒኤስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይራቆት ዕድሜው ይረዝማል፤ ግማሹ 42 ነው፣ ለ6 ዋት ሲካፈል 7 ሰዓት። በኢንቨርተር ወደ 220 አውጥቶ እንደገና በአስማሚ ወደ 12 መመለስ ግን ኃይሉን መንገድ ላይ መጣል ነው፣ በቀጥታ ይሂድ። የመሰኪያው ጫፍ የትኛው መደመር እንደሆነ አስማሚው ላይ ተሥሏል፣ ሳይታይ አይሰካ። የፋይበር መስመር ያለው ቤት የፋይበሩንም ሳጥን መመገብ አለበት፣ ራውተሩ ብቻውን በርቶ ምንም አይፈይድም።

ምላሽ 22

7ኛው መላሽ፣ ባትሪ ላይ እያለ ቻርጅ ሲደረግ 13.8 ቮልት ወደ ራውተሩ ይገባል፣ አንዳንዱ አይችለውም ብሎ ገሠጸ። ትክክል ነው፤ በመሐል 12 ላይ የሚያረጋ ትንሽ ማስተካከያ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሶላር ክርክር ተነሣ፣ እሱን ቆርጬዋለሁ።

ምላሽ 23

ቀኑም ዓመቱም ትክክል የሆነ፣ ዲኤንኤሱም የሚሠራ፣ ያው ቀይ ማስጠንቀቂያ ግን የማይለቀው ኮምፒውተር ያለው ሰው መጣ። ዊንዶውስ 7 ነው።

ምላሽ 24

የላብራቶሪዋ ባለሙያ፦ ያ ሌላ በሽታ ነው። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 14 ቀን 2020 ጀምሮ ድጋፍ የለውም፣ የመጨረሻው ክሮምም 109 ነው። ኮምፒውተሩ የሚያምናቸው የምስክር ወረቀት ሰጪዎች ዝርዝር ካልታደሰ አዲሶቹን አያውቃቸውም። እጅግ ብዙ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ነፃ ሰጪ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት፣ ይደገፍበት የነበረው አሮጌ ሥር (ሌሎቹ የሚታመኑበት ዋና የምስክር ወረቀት) እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2021 ጊዜው አልፏል፤ አዲሱን ያላገኘ ኮምፒውተር እነዚያን ገጾች ሁሉ ይጠራጠራል። ፋየርፎክስ የራሱን ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ በ115 የረጅም ድጋፍ እትሙ ለጊዜው ማለፍ ይቻላል። ለባንክ ሥራ ግን ኮምፒውተሩ ይቀየር ወይም ሌላ ሲስተም ይጫንበት አለች። እዚህ ላይ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ተገልብጦ ከወጣ በኋላ፣ ፎርማቱ ቦታ አለው።

ምላሽ 25

የዓባይ ማዶው ሰው በአጭሩ፦ 1472 አላለፈም፣ 1464 አለፈ፣ ራውተሩ ላይ 1492 ተጻፈ፣ ገጾቹ መጡ። 11ኛው መላሽ ይህን አይቶ ዝም ብሏል።

ምላሽ 26

ዋናው ጠያቂም፦ ዓመቱ ተስተካከለ፣ ሁሉም ይከፍታል፣ ባትሪዋ ስትለካ 1.9 ቮልት ነበረች፣ ተቀየረች።

ምላሽ 27

የመጨረሻው ቃል የ3ኛው መላሽ ነው። ዲኤንኤሱን ወደ 127.0.0.1 ያዞረው ፕሮግራም አሁንም ተጭኖ እንዳለ አስታወሰ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ገብቶ ማንነቱን ማወቅ፣ የማያስፈልግ ከሆነ እዚያው ማስወገድ። ካስፈለገም ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ ማድረግ፤ አብሮ ከተነሳ በር 53 ላይ የሚመልስ ስለሚኖር መብራት ቢሄድም ስሞች ይገኛሉ። ከተወገደ በኋላ አይፒኮንፊግ /ኦል እንደገና ይታይ፣ በቨርዥን 4ም በ6ም። የካርዶቹ ዝርዝር ውስጥ ፕሮግራሙ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ካርድ ቀርቶ ከሆነ እሱም በቀኝ ጠቅ ዲስኤብል ይደረግ።

ክሩ ተዘግቷል። የባትሪውን ጉዳይ መቀጠል የሚፈልግ በኤሌክትሪክ ክፍል አዲስ ይክፈት።